የሚሽከረከርን ሻፍት በአደጋ ጊዜ በሃይድሮሊክ ፍሬን ማቆም፦ ከስሌት እስከ ፍተሻ

በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ከባድ ሻፍት ሞተሩ ስለጠፋ ብቻ አይቆምም። ኩሽኔታዎቹ ደህና ከሆኑና የተሸከመው ቮላኖ (በሻፍት ላይ የሚታሰር ከባድ መንኮራኩር) ወይም ከበሮ ከባድ ከሆነ፣ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ለደቂቃዎች መዞሩን ሊቀጥል ይችላል፤ የሠራተኛ እጅጌ በሻፍቱ ሲያዝ ግን ጊዜው የሚቆጠረው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው። እንዲህ ያለውን ሻፍት በአስተማማኝ ሁኔታ ለማቆም ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ በሻፍቱ ላይ በታሰረ ዲስክ የሚሠራ የሃይድሮሊክ ፍሬን ነው። ከዚህ በታች ፍሬኑ እንዴት እንደሚሰላ፣ የት እንደሚገጠም፣ የዘይቱ መስመር እንዴት እንደሚዘረጋና ሥራውን በትክክል መሥራቱ እንዴት እንደሚረጋገጥ ቀርቧል።

የሚይዘው ሞላ፣ የሚከፍተው ዘይት

የመጀመሪያው ውሳኔ የፍሬኑን ዓይነት መምረጥ ነው። በአንደኛው ዓይነት ዘይቱ ፒስተኑን ገፍቶ የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል፤ የመኪና የእግር ፍሬን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ሸራውን የሚያጣብቀው ካሊፐሩ (ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጠው የፍሬኑ አካል) ውስጥ ያለ ጠንካራ ሞላ ሲሆን፣ የዘይቱ ድርሻ ሞላውን ጨምቆ ፍሬኑን ከፍቶ መያዝ ብቻ ነው። ለአደጋ ጊዜ ማቆሚያ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ፓምፑ ቢሰበር፣ ጎማ ቱቦው ቢፈነዳ ወይም የመቆጣጠሪያው ሽቦ ቢበጠስ ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድም ሞላው ዲስኩን ይይዛል።

ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ መዘዝ አለው። በሞላ በሚይዝ ፍሬን የማቆሙን ፍጥነት የሚወስነው ዘይቱ ወደ ካሊፐሩ የሚገባበት ሳይሆን ከካሊፐሩ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ማሽኑ ዘግይቶ ቆመ ተብሎ ፓምፑ በትልቅ ሲቀየር በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ትልቅ ፓምፕ ፍሬኑን ቶሎ ይከፍተዋል እንጂ ቶሎ አይዘጋውም። ስለዚህ ቫልቭ ሲመረጥም ሆነ ቱቦ ሲዘረጋ ወይም ፊልትሮ ሲገጠም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ዘይቱ በየት በኩል፣ በምን ያህል ጊዜ ይወጣል የሚለው ነው።

በቦታ ጥበት ወይም በሌላ ምክንያት በግፊት የሚይዝ ፍሬን መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ፓምፑ በሚቆምበት ጊዜም ፍሬኑን ለመያዝ የሚበቃ ግፊት ያለው ዘይት በአኩሙሌተር (ዘይትን በታመቀ ጋዝ ግፊት ሥር በሚያቆይ ዕቃ) ተጠራቅሞ መቆየት አለበት። አኩሙሌተሩ የሚሞላው በናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ኦክስጅን ወይም የታመቀ አየር ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። ግፊቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ማሽኑ እንዳይነሳ የሚያደርግ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያም ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ በቀሪው ክፍል የምናገረው ግን በሞላ ስለሚይዘው ፍሬን ነው።

ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል?

ስሌቱ የሚጀምረው ከኢነርሺያ፣ ማለትም የሚዞር አካል የፍጥነት ለውጥን ከሚቋቋምበት መጠን ነው። 400 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 0.5 ሜትር ራዲየስ ያለው ጠፍጣፋ ሙሉ ቮላኖ በአንድ ሻፍት ላይ አለ እንበል። የእንዲህ ያለ አካል ኢነርሺያ ክብደቱ በራዲየሱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በዚህ ምሳሌ 50 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ይሆናል። ለቀላልነት የሻፍቱንና የፍሬን ዲስኩን ትቻለሁ፤ በእውነተኛ ሥራ ግን ይደመራሉ፤ ከማርሽ ሳጥን በስተጀርባ ያለ አካል ካለም የእርሱ ኢነርሺያ በፍጥነት ሬሾው ካሬ ተስተካክሎ ይጨመራል። በደቂቃ 600 ዙር ማለት በሰከንድ 62.8 ራዲያን ነው። በቮላኖው ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ኢነርሺያው በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ሲሆን፣ 98.7 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ፍጥነቱ ወደ 1,200 ዙር ከፍ ቢል ጉልበቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህም ነው የማሽኑን ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርጎ ነባሩን ፍሬን እንዳለ መተው አደገኛ የሚሆነው።

ሻፍቱ በ3 ሰከንድ እንዲቆም ከተፈለገ፣ 50 በ62.8 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 1,047 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ያስፈልጋል። ሸራዎቹ ዲስኩን የሚይዙት ከሻፍቱ መሀል 0.25 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነና የሰበቃ ቁጥሩ 0.35 ተብሎ ከተወሰደ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ሸራዎች እያንዳንዳቸው በ6,000 ኒውተን ገደማ መጫን ይኖርባቸዋል። ይህ ግን ሁሉም ነገር አዲስ፣ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ነው። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ሞላው ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሞላም ኃይሉ ይቀንሳል፤ የጋለ ሸራ ሰበቃው ይወርዳል፤ ትንሽ የዘይት ጭጋግ ደግሞ ሰበቃውን ክፉኛ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ኃይሉን በእጥፍ መያዝ የእኔ ልማድ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 12,000 ኒውተን ማለት ነው።

እጥፉ ግን በነጻ አይገኝም። ፍሬኑ አዲስ በሆነበት ቀን ሻፍቱን በ3 ሰከንድ ሳይሆን በ1.5 ሰከንድ ያቆመዋል፣ በዲስኩና በቮላኖው መካከል ያለውን የሻፍት ክፍልም በ2,094 ኒውተን ሜትር ይጠመዝዘዋል። ሻፍቱ 60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የመጠምዘዝ ውጥረቱ 49 ሜጋ ፓስካል ገደማ ስለሚሆን ለተራ የማሽን ብረት ከባድ አይደለም። 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 167 ሜጋ ፓስካል ይወጣል፤ በዚህ ላይ የቁልፍ ቦይ (ዲስኩን ከሻፍቱ ጋር የሚያስረው ብረት የሚገባበት ጉድጓድ) የሚፈጥረው የውጥረት ክምችት ሲጨመር ሻፍቱን ከአደጋ ለማዳን የተገጠመው ፍሬን ሻፍቱን ራሱን ሊቆርጠው ይችላል። የፍሬን ኃይል ከመጨመሩ በፊት የሻፍቱን ቀጭን ቦታ መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ማቆም ብዙም አያስጨንቅም። 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ዲስክ 98.7 ኪሎ ጁል ሲቀበል አማካይ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ገደማ ነው የሚጨምረው። ነገር ግን በሚይዝበት ቅጽበት የዲስኩ ገጽታ ሙቀት ከአማካዩ እጅግ ይበልጣል፤ ሙከራ በተከታታይ ሲደረግ ደግሞ ሙቀቱ ይደራረባል።

ዲስኩ የት ይታሰር?

ዲስኩ መታሰር ያለበት አደገኛው አካል ባለበት ሻፍት ላይ፣ በተቻለ መጠንም ለዚያ አካል ቅርብ ሆኖ ነው። ፍሬኑ በሞተሩ በኩል ተገጥሞ ኃይሉ በቺንጋ ወይም በሰንሰለት የሚተላለፍ ከሆነ፣ ቺንጋው በተበጠሰ ቀን ፍሬኑ ባዶ ሞተር ይይዛል፣ ቮላኖው ግን መዞሩን ይቀጥላል። ማርሽ ሳጥን ሲኖር ፍሬኑን በፈጣኑ ወገን መግጠም ያጓጓል፤ የሚያስፈልገው ቶርክ በማርሹ ሬሾ ልክ ስለሚያንስ ካሊፐሩም ትንሽና ርካሽ ይሆናል። ነገር ግን በድንገተኛ ማቆም ጊዜ መላው ጭነት በማርሹ ጥርሶች በኩል ያልፋል፤ ጥርስ ከተሰበረም ፍሬን የለም ማለት ነው። ሰው በሚቀርበው ማሽን ላይ ይህን ቁጠባ አልመክርም።

ሌላው ጉዳይ የካሊፐሩ አቀማመጥ ነው። በምሳሌያችን አንድ ካሊፐር ብቻ ቢገጠም ዲስኩን በጎን የሚጎትተው ኃይል 8,400 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም በቀጥታ በኩሽኔታዎቹ ላይ ያርፋል። ግማሽ ኃይል ያላቸው ሁለት ካሊፐሮች ትይዩ ሆነው በዲስኩ ተቃራኒ ጫፎች ቢገጠሙ ጉተታቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል፣ አንዱ ቢበላሽም ግማሽ ፍሬን ይቀራል።

የዘይቱ መውጫ

መሠረታዊው አሠራር ቀላል ነው። ባለ ሦስት መንገድ የሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚንቀሳቀስ ቫልቭ) ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ፓምፑን ከካሊፐሩ ጋር ያገናኛል፤ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ፓምፑን ዘግቶ ካሊፐሩን ከዘይት ማጠራቀሚያው ጋር ያገናኛል። የአስቸኳይ ማቆሚያው ቁልፍ ሲጫን የሚሆነው ይኸው ነው።

አስቸጋሪው ቫልቩ ለወራት ያለማቋረጥ በአንድ ቦታ መቆሙ ነው። በሲሊንደር ውስጥ የሚንሸራተት ምላስ ያለው ቫልቭ ግፊት ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ፣ በቀጭኑ ክፍተት ውስጥ ደቃቅ ቆሻሻ ተጠቅጥቆ ምላሱን ሊያጣብቀው ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦም ሞላው ሊያነቃንቀው አይችልም። በቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጦ የሚዘጋ፣ እንደ ሾጣጣ ቡሽ ያለ መዝጊያ ያለው ቫልቭ ለዚህ ችግር ያን ያህል አይጋለጥም። ከዚህም በላይ ሁለት ቫልቮች፣ አንዱ ቢጣበቅ ሌላው ብቻውን ዘይቱን ማስወጣት በሚችልበት አኳኋን መገጠም አለባቸው፤ ለዘይቱ መውጫ ሁለት በር መስጠት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የፓምፑ መስመርም አብሮ መዘጋት ወይም ፓምፑ መቆም ይኖርበታል፤ አለዚያ አንዱ በር የሚያወጣውን ፓምፑ እየተካ ፍሬኑን ሊያዘገየው ይችላል። የሁለቱም ቫልቮች አቋም በሴንሰር ካልታየ ደግሞ አንዱ ተጣብቆ ሌላው ብቻውን እየሠራ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ችግሩ የሚታወቀው ሁለተኛውም በተጣበቀ ቀን ይሆናል።

የመመለሻው ቱቦ አጭርና ሰፊ መሆን፣ ከሌላ መሣሪያ ጋር ሳይጋራም በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያው መውረድ አለበት። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ማሽን ከሰዓት በኋላ በደንብ ይቆማል፣ ጠዋት ጠዋት ግን ይዘገያል ተብሎ ነበር። ሸራው ተቀይሯል፣ ሞላው ተፈትሿል፣ ለውጥ የለም። የግፊት መለኪያ በፓምፑ ላይ ሳይሆን በራሱ በካሊፐሩ አፍ ላይ ስናስር ነገሩ ወዲያው ታየ፤ ቁልፉ ሲጫን መርፌው በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ በመውደቅ ፈንታ 15 ባር ላይ ተንጠልጥሎ ቆየና ቀስ እያለ ወረደ። የፍሬኑ መመለሻ ከሌላ ሲሊንደር መመለሻ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ፊልትሮ በኩል ያልፍ ነበር፤ ጠዋት ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ፊልትሮው መተንፈስ ያቅተዋል። የፍሬኑን መመለሻ ለይተን በቀጥታ ስናወርደው ችግሩ ጠፋ።

የቀረው ግፊት የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። ሸራው ዲስኩን መልቀቅ የሚጀምረው በ80 ባር ከሆነ፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረ 8 ባር ከመያዣው ኃይል 10 በመቶውን ይበላል። በደቂቃ 600 ዙር በሚዞር ሻፍት ላይ ደግሞ የአንድ ሰከንድ መዘግየት ፍሬኑ ገና ሳይነካው 10 ሙሉ ዙር ማለት ነው። በዚሁ ምክንያት ማሽኑ ቀዝቃዛ ቦታ የሚሠራ ከሆነ ቀጠን ያለ ዘይት ይመረጣል፤ ለምሳሌ በ46 ፈንታ 32 ቁጥር፣ የፓምፑና የካሊፐሩ አምራቾች የሚፈቅዱት እስከሆነ ድረስ።

ፍሬኑ በኃይል ሲይዝ ማሽኑ ስለሚንገጫገጭ በመመለሻው ላይ ማጥበቢያ ማድረግ የተለመደ ነው። ማጥበቢያው በመፍቻ የሚዞር ከሆነ አንድ ቀን አንድ ሰው ንዝረቱ ሰልችቶት አጥብቆ ይዘጋዋል። ቋሚ ቀዳዳ ያለው፣ ከፊቱ ወንፊት የተደረገለት ማጥበቢያ ይሻላል። አኩሙሌተር ካለም በቫልቩና በፓምፑ መካከል እንጂ በቫልቩና በካሊፐሩ መካከል እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ በካሊፐሩ ወገን የተገጠመ አኩሙሌተር ፍሬኑን ከፍቶ ለመያዝ የሚታገል ይሆናል።

የኤሌክትሪኩ ወገን

አይኤስኦ 13850 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ማቆሚያው ቁልፍ ቀይ፣ ጀርባው ቢጫ እንዲሆን፣ ሲጫን ተቆልፎ እንዲቀር፣ መልሶ መልቀቁም ብቻውን ማሽኑን እንዳያስነሳ ያዛል። የማቆሙ ዓይነት ከሁለት አንዱ ነው፤ ዜሮ ምድብ ኃይሉን ወዲያው ይቆርጣል፣ አንደኛው ምድብ የማሽኑን ፍጥነት በቁጥጥር ቀንሶ ካቆመው በኋላ ኃይሉን ይቆርጣል። ማሽኑ ቆሞ ኃይሉ እንዳለ የሚቀርበት ሁለተኛው ምድብ ለአስቸኳይ ማቆሚያ አይፈቀድም።

ቁልፉ ቫልቩንና ሞተሩን አንድ ላይ ማጥፋት አለበት። ሞተሩ እየገፋ ፍሬኑ ከያዘ ሁለቱ ሲታገሉ ሸራው ይነድዳል። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሳታል፤ በቀጥታ ጅረት የሚሠራ የሶሌኖይድ ኮይል ላይ የእሳት ብልጭታን ለመከላከል ተራ ዳዮድ ሲታሰር፣ በኮይሉ ውስጥ የቀረው ጅረት እየዞረ ስለሚቆይ ቫልቩ ለመልቀቅ ይዘገያል። በዳዮዱ ፈንታ ቫሪስተር (ቮልቴጅ ሲበዛ ብቻ ጅረት የሚያሳልፍ መሣሪያ) መጠቀም መዘግየቱን ያሳጥረዋል።

በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞር ሻፍት ካለ፣ የሞተሩን ሁለት አፎች በቫልቭ መዝጋት ፍሬን ይመስላል፤ አይደለም። ከባዱ አካል ሞተሩን ወደ ፓምፕ ይለውጠዋል፣ በአንዱ ወገን ግፊቱ ድንገት ከፍ ይላል፣ በሌላው ወገን ዘይት ያጥራል። በሁለቱ አፎች መካከል ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቮች፣ ለተራበው ወገንም ዘይት የሚያስገቡ የአንድ አቅጣጫ ቫልቮች ያስፈልጋሉ። ሞተሩ በውስጡ ስለሚያፈስ ሻፍቱ ከቆመ በኋላም ቀስ ብሎ ሊዞር ይችላል፤ ስለዚህ ሻፍቱን ይዞ የሚያቆየው ምን ጊዜም የሞላው ፍሬን ነው።

መግጠምና መፈተሽ

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪኩ ይቆለፋል፣ የአኩሙሌተር ግፊት ይተነፍሳል፣ ሻፍቱ በብረት ካስማ ይታሰራል፤ ፍሬን እየሠራ ላለ ሰው እጅ ዋስትና አይደለም። ካሊፐሩን ያለ አምራቹ መመሪያ መፍታት አይገባም፤ በውስጡ የተጨመቀው ሞላ ሲፈናጠር ይገድላል። ከተገጠመ በኋላ በካሊፐሩ ከፍተኛ ቦታ ባለው መተንፈሻ በኩል አየሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። በመስመሩ ውስጥ የቀረ አየር በግፊት ጊዜ ይታመቃል፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ እየተለጠጠ የዘይቱን መውጣት ያዘገያል። የዘይት መፍሰስ በካርቶን ቁራጭ ይፈተሻል እንጂ በእጅ አይዳሰስም፤ ከጠባብ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ወዲያው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በመደበኛው ፍጥነት ሩብ ይደረጋል፤ በዚህ ፍጥነት ያለው ጉልበት ከሙሉው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ቀጥሎ በግማሽ፣ በመጨረሻም በሙሉ ፍጥነት ይሞከራል፤ በየመሀሉ ዲስኩ ይቀዝቅዝ። መለኪያው ውድ መሆን የለበትም። በሻፍቱ ላይ ነጭ መስመር ይቀቡና ቁልፉና ሻፍቱ አብረው በሚታዩበት ቦታ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ ያቁሙ፤ እያንዳንዱ ምስል 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ ጣት ቁልፉን ከተጫነበት ምስል ጀምሮ ነጩ መስመር እስከቆመበት ምስል ድረስ መቁጠር ይበቃል። ሁለት ቁጥር ለይተው ይመዝግቡ፦ ፍጥነቱ መቀነስ እስኪጀምር ያለፈውን ጊዜና ከዚያ እስከ መቆም ያለውን። የመጀመሪያው ቢረዝም ጥፋቱ በቫልቩ፣ በኮይሉ ወይም በመመለሻው ነው፤ ሁለተኛው ቢረዝም በሸራው ወይም በሞላው ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው 0.3፣ ሁለተኛው 1.5 ሰከንድ ቢሆን ሻፍቱ 3 ከዚያም 7.5፣ በድምሩ 10.5 ዙር ዞሮ ይቆማል።

ይህ ቁጥር ለጥበቃው ርቀትም ያስፈልጋል። በብርሃን መጋረጃ (ሰው ጨረሩን ሲያቋርጥ ማሽኑን በሚያቆም መሣሪያ) የሚጠበቅ ማሽን ከሆነ፣ አይኤስኦ 13855 የሰውን የእግር ጉዞ በሰከንድ 1,600 ሚሊ ሜትር አድርጎ ይወስዳል። በ1.8 ሰከንድ ውስጥ ሰው 2.88 ሜትር ይራመዳል፤ መጋረጃው ቢያንስ ከዚያ በላይ መራቅ አለበት፣ የመጋረጃው የራሱ መዘግየትና ደረጃው የሚያዝዘው ተጨማሪ ርቀትም ይደመርበታል።

በየጊዜው የሚታይ

በየወሩ ቁልፉ ይጫን፣ ሁለቱ ጊዜዎች ይለኩ፣ ካለፈው ወር ጋር ይነጻጸሩ። ይህ ቫልቩንም ከመጣበቅ ይጠብቀዋል። የሸራው ውፍረትና የሸራው ከዲስኩ ርቀት ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ይታያል፤ ርቀቱ ከሰፋ ሞላው ይበልጥ ተለጥጦ ኃይሉ ስለሚቀንስ ወዲያው ይስተካከላል። ዘይት የነካው ሸራ አይታጠብም፣ ይጣላል፤ ቤንዚን ገጽታውን ያጸዳዋል እንጂ ወደ ውስጥ የሰረገውን ዘይት አያወጣም፣ ዲስኩ ሲግልም ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ሞላዎቹም እድሜ አላቸው፤ አምራቹ በወሰነው የመክፈትና የመዝጋት ብዛት ይቀየራሉ።

ከእውነተኛ አስቸኳይ ማቆም በኋላ ማሽኑ የሚነሳው ቁልፉ የተጫነበት ምክንያት ታውቆ፣ ዲስኩ ቀዝቅዞ፣ ሸራውና የሻፍቱ የቁልፍ ቦይ ታይተው ነው። በሚነሳበትም ጊዜ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነው፤ መጀመሪያ ቁልፉ ይለቀቃል፣ ከዚያ በተለየ ማስነሻ ፓምፑ ይነሳል፣ በካሊፐሩ ወገን ያለው የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ሞተሩ ኃይል ያገኛል።